የቡናማው ሣጥን ታሪክ፦ የቴሌቪዥን ጨዋታን ማን ጀመረው? ማንስ ጠበቀው?

የዛሬው ጽሑፍ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያው አስብ ነበር። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ጥፋተኛ ሆኜ የተገኘሁት እኔው ስለሆንኩ ታሪኩን ከራሴ ቤት እጀምራለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1990ዎቹ አጋማሽ በካራቫን ሠፈር እንኖር በነበረበት ጊዜ ትልቁ ልጄ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጨዋታ መሣሪያ ነበረው። ከሩሲያ ከመጡት የጎረቤት ልጆች ጋር ቋንቋ ሳይግባቡ እዚያች መሣሪያ ፊት ተኮልኩለው ይውላሉ። እኛ ወላጆች ደግሞ “ዓይናቸው ይጠፋል፣ ትምህርታቸው ይበላሻል፣ ቴሌቪዥኑም ይቃጠላል” እያልን እንጨነቅ ነበር። ወደ ቋሚ ቤት የምንዛወርበት ቀን ደርሶ ዕቃ ስንሸክፍ፣ መሣሪያዋን ከነካሴቶቿና ከነገመዷ በላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ትቻት ሄድኩ። ስንት ቀን እንዳኮረፈኝ ዛሬም ሳይቀር ያነሳብኛል።

ያ ልጅ አሁን አርባ ዓመት አልፎት የልጆች አባት ሆኗል። ሆኖም ዓርብ ጧት ጊዜ ባገኘ ቁጥር ወደ ያፎ ሹቅ ሃፒሽፐሺም እየወረደ፣ ከአሮጌ መብራትና ከተሰበረ ወንበር መካከል ያንኑ እኔ የጣልኩትን ዓይነት መሣሪያ ይፈልጋል። እንደ እሱ ያሉ ሰብሳቢዎች በዚህ አገርም በውጭም እጅግ ብዙ ናቸው። አንድ ቀን “ይህ አሮጌ ፕላስቲክ ምን ያደርግልሃል?” ብዬ ብጠይቀው፣ “አባባ፣ ይህን ነገር የጀመረው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?” አለኝ። እንደማላውቅ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ የነገረኝንና እኔም አንብቤ የደረስኩበትን ነው እነሆ የማቀርብላችሁ።

ሰውየው ራልፍ ቤር ይባላሉ። በ1922 በጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ አይሁዳዊ በመሆናቸው ብቻ ከትምህርት ቤት ተባረሩ። በ1938፣ ምኩራቦች ከተቃጠሉበትና ሱቆች ከተሰባበሩበት ከዚያ ክፉ ሌሊት (ሌል ሃብዶላሕ) ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ቤተሰቡ ወደ ኒውዮርክ ሸሸ። ወጣቱ ስደተኛ በሳምንት 12 ዶላር እየተከፈላቸው በፋብሪካ ይሠሩ ጀመር። በትርፍ ጊዜያቸው በፖስታ በሚላክ ትምህርት የሬዲዮ ጥገና ተምረው በ1940 ተመረቁ። በ1943 ለአሜሪካ ጦር ተጠርተው በለንደን በመረጃ ክፍል አገለገሉ። ከጦርነቱ ሲመለሱም በቺካጎ የቴሌቪዥን ምህንድስና ተማሩ። በዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ራሱ ገና ብርቅ ስለነበረ፣ ይህን ትምህርት መምረጥ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

በ1966 ቤር በኒውሃምፕሻየር ክፍለ ሀገር ሳንደርስ በሚባል ለመከላከያ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ የክፍል ኃላፊ ነበሩ። በነሐሴ ወር መጨረሻ ለሥራ ወደ ኒውዮርክ ሄደው፣ አውቶቡስ ተራ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባቸውን ሲጠብቁ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። በአሜሪካ በሚሊዮን በሚቆጠር ቤት ቴሌቪዥን ገብቷል። ሰው ግን ቁጭ ብሎ ከማየት በስተቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ለምን እንዲጫወትበት አይደረግም? በማግሥቱ፣ ማለት መስከረም 1 ቀን 1966፣ ቢሯቸው ተቀምጠው ሐሳቡን በአራት ገጽ ጻፉት። ቀኑንም አሰፈሩበት። አንድ ባልደረባቸውም አንብቦ እንዲፈርምበት አደረጉ። አንባብያን ይህችን ፊርማ አስታውሷት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ከዚያም ቢል ሃሪሰንና ቢል ረሽ ከሚባሉ ሁለት ባለሙያዎች ጋር በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ሥራ ተጀመረ። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልግለጽ። መሣሪያው ልክ እንደ አንድ ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። በአንቴናው መግቢያ በኩል ደካማ ሞገድ ይልካል፤ ቴሌቪዥኑም ከሩቅ ጣቢያ የመጣ መስሎት ምስሉን ያሳያል። በውስጡ ኮምፒዩተር የለም፤ ማስታወሻ የሚይዝ ነገርም የለም። ትራንዚስተርና ዳዮድ ብቻ ናቸው። በመስኮቱ ላይ የሚታዩት ነጫጭ ነጠብጣቦች ናቸው፦ ሁለቱ ተጫዋቾች፣ አንዱ ኳስ። በ1967 ረሽ ኳሱ በመሣሪያው ራሱ እንዲንቀሳቀስ የሚል ሐሳብ ባቀረቡ ጊዜ የጠረጴዛ ቴኒስ ጨዋታ ተገኘ። በመጨረሻ የተሠራው ናሙና የእንጨት መልክ ባለው በሚለጠፍ ፕላስቲክ ስለተሸፈነ “ቡናማው ሣጥን” ተባለ።

ሣጥኑን ለቴሌቪዥን አምራቾች እየዞሩ ቢያሳዩም ቶሎ የተቀበላቸው አልነበረም። በመጨረሻ ማግናቮክስ የተባለው ኩባንያ ተስማማና በ1972 ኦዲሲ በሚል ስም ለገበያ አወጣው። ዋጋው 100 ዶላር ያህል ነበር። ድምፅ የለውም፤ ቀለምም የለውም። ቀለሙ በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ከሚለጠፍ ሥዕል ካለበት ላስቲክ ነው የሚገኘው። ነጥብ የሚቆጥር ነገር ስለሌለው ተጫዋቾቹ በወረቀት ይመዘግባሉ። ከመሣሪያው ጋር ዛር፣ ካርታና የጨዋታ ገንዘብ አብሮ ይመጣ ነበር። ብዙ ሰው መሣሪያው በማግናቮክስ ቴሌቪዥን ላይ ብቻ የሚሠራ መስሎት ሳይገዛ ቀረ። ያም ሆኖ እስከ 1975 ድረስ 350,000 ያህል ተሸጧል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። በግንቦት ወር 1972 ኦዲሲ ገና ለገበያ ሳይቀርብ፣ በካሊፎርኒያ በርሊንጌም በሚባል ከተማ ለሻጮች ታይቶ ነበር። ከጎብኚዎቹ መካከል ኖላን ቡሽኔል የሚባሉ ወጣት መሐንዲስ ይገኙ ነበር። እኚህ ሰው በዚያው ዓመት አታሪ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። መሐንዲሳቸው አለን አልኮርን የሠሩት ፖንግ የተባለ የጠረጴዛ ቴኒስ ጨዋታም በየቡና ቤቱ ተተክሎ ሳንቲም ማፈስ ጀመረ። በእውነት ፖንግ የተሻለ ነበር፤ ድምፅ አለው፣ ነጥብም ይቆጥራል። ዓለም የቴሌቪዥን ጨዋታን ያወቀው በፖንግ ነው፤ የፈጠራው ክብርም ለረጅም ጊዜ ለቡሽኔል ሲሰጥ ቆየ።

ይሁን እንጂ በ1974 ማግናቮክስ ፍርድ ቤት ሄደ። ቡሽኔል በበርሊንጌም የጎብኚዎች መዝገብ ላይ በገዛ እጃቸው ፈርመው ነበር! የቤርም አራት ገጽ ከነቀኑ፣ ከነፊርማው፣ ቡናማው ሣጥንም ከነሽቦው ተቀምጦ ተገኘ። አታሪ በ1976 በስምምነት ገንዘብ ከፍሎ ፈቃድ ወሰደ። በሌሎቹ ኩባንያዎች ላይ የተመሠረተው ክስ ግን ቀጥሎ፣ በ1977 የቺካጎው ዳኛ ጆን ግሬዲ የቤር ፓተንት የዚህ ሙያ ፋና ወጊ ነው ሲሉ ፈረዱ። በዓመታት ውስጥ ከእነዚህ ክሶች የተገኘው ገንዘብ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ይነገራል። ቤር ግን የኩባንያ ተቀጣሪ በመሆናቸው አብዛኛው የእርሳቸው አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሌላ ሰው መናገር ይገባል። ከቤር ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1958፣ በኒውዮርክ አጠገብ በብሩክሄቨን የምርምር ጣቢያ ዊሊያም ሂጊንቦተም የሚባሉ የፊዚክስ ሊቅ ለጎብኚዎች ቀን የሚሆን የቴኒስ ጨዋታ ሠርተው ነበር። ጨዋታው የሚታየው የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚለካበት ኦሲሎስኮፕ በሚባል መሣሪያ መስኮት ላይ ነው። ሕዝቡ ተሰልፎ ተጫወተበት። በቀጣዩም ዓመት አሻሽለው አሳዩት። ከዚያ በኋላ ግን ፈታተው ክፍሎቹን ለሌላ ሥራ አዋሉት። ፓተንትም አልጠየቁበትም። ዓመታት አልፈው ኒንቴንዶ የቤርን ፓተንት ለማሰረዝ ይህንኑ የሂጊንቦተምን ጨዋታ እንደ ማስረጃ ቢያቀርብም ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ኦሲሎስኮፕ የቴሌቪዥን ምልክት አይጠቀምም ተባለ። የጣቢያው ሰዎች በ1997 ያንን ጨዋታ እንደ አዲስ ሊሠሩት በተነሱ ጊዜ ብዙ ተቸገሩ፤ ዋናው የለማ! እኔ በበኩሌ ሂጊንቦተም የሚገባቸውን ክብር ያላገኙ ይመስለኛል። ግን ለቤር የመሰከረላቸው የተቀመጠ ሣጥን ነው፤ ለእኚህ ሊቅ ያ አልነበራቸውም።

ቤር በ2006 ቡናማውን ሣጥንና ወረቀቶቻቸውን በዋሽንግተን ለሚገኘው ለስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ሰጡ። በዚያው ዓመት በዋይት ሃውስ የብሔራዊ ቴክኖሎጂ ሜዳልያ ተሸለሙ። በታኅሣሥ ወር 2014 በ92 ዓመታቸው አረፉ። በቤታቸው ምድር ቤት የነበረው የሥራ ክፍላቸውም ከነጠረጴዛውና ከነመሣሪያው ወደ ቤተ መዘክሩ ተዛውሮ ከ2015 ጀምሮ ለሕዝብ ታይቷል።

ልጆቻችን “ካሴት” የሚሉትን ነገር ደግሞ ያመጣልን ሌላ ሰው ነው። በመጀመሪያ እነዚህ መሣሪያዎች በውስጣቸው የተሠራውን ጨዋታ ብቻ ነበር የሚያጫውቱት፤ ሲሰለች ሌላ መሣሪያ መግዛት ነው። በ1976 ፌርቻይልድ የተባለው ኩባንያ ቻናል ኤፍ የሚባል መሣሪያ አወጣ። የዚህ ሥራ መሪ ጄሪ ሎሰን የሚባሉ በ1940 በኒውዮርክ የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበሩ። ጨዋታው በተለየ ትንሽ ሣጥን ውስጥ፣ በማይጠፋ ማስታወሻ ላይ ተቀምጦ እየተነቀለ እየተሰካ እንዲለዋወጥ ያደረገው የመጀመሪያው የቤት መሣሪያ ይህ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ከሌላ አነስተኛ ኩባንያ የተገዛ ቢሆንም፣ አንድ ሕፃን በቀን አሥር ጊዜ ቢነቅለውና ቢሰካው የማይበላሽ አድርጎ ለገበያ ማብቃት የሎሰንና የባልደረቦቻቸው ሥራ ነው። ሥራቸው ከዓመታት ዝምታ በኋላ በይፋ የተወሳው በመጋቢት 2011 በተደረገላቸው ክብር ሲሆን፣ በሚቀጥለው ወር አረፉ። ልጆቻችን ስማቸውን ቢያውቁ ምን አለበት?

ካሴቱ ግን መዘዝም ይዞ መጣ። አታሪ በ1977 የራሱን ባለ ካሴት መሣሪያ አውጥቶ ገበያውን ከያዘ በኋላ፣ ሁሉም እየተነሳ ጨዋታ ያመርት ጀመር። በ1982 ኢ.ቲ. በተባለው ፊልም ላይ የተመሠረተውን ጨዋታ ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ የተባሉ ባለሙያ ለፈረንጆች በዓል እንዲደርስ በአምስት ሳምንት ውስጥ ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ። ካሴቱ በብዛት ቢመረትም ሰው አልወደደውም። በ1983 የአሜሪካ የጨዋታ ገበያ በሙሉ ወደቀ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር አታሪ የተረፈውን ካሴት በከባድ መኪና ጭኖ በኒውሜክሲኮ ክፍለ ሀገር በአላሞጎርዶ ከተማ የቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረው፤ በላዩም ሲሚንቶ አፈሰሰበት።

ለሠላሳ ዓመት ሰው “እውነት ነው፣ ሐሰት ነው” እያለ ሲከራከር ቆይቶ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2014 ጉድጓዱ ተቆፈረ። 1,300 ያህል ካሴቶች ወጡ። ሁሉም ኢ.ቲ. አልነበረም፤ ጥሩ የሚባሉ ጨዋታዎችም አብረው ተጥለው ኖሯል። ከተማው ከእነዚህ ብዙዎቹን በጨረታ ሸጦ ከ100,000 ዶላር በላይ አገኘ። አንዱም ያው የቤር ሣጥን ባለበት ቤተ መዘክር ገባ። ይህን ሳነብ ያቺ የላስቲክ ከረጢቴ ትዝ አለችኝ።

በዚያው 1983፣ አሜሪካኖቹ ሲቀብሩ፣ በጃፓን ኪዮቶ ከተማ ኒንቴንዶ ፋሚኮም የተባለውን መሣሪያ አወጣ። ኒንቴንዶ በ1889 የመጫወቻ ካርታ ለመሥራት የተቋቋመ ድርጅት ነው። የፋሚኮምን ሥራ የመሩት ማሳዩኪ ኡኤሙራ የተባሉ መሐንዲስ ናቸው። በ1985 ሱፐር ማሪዮ ተጨመረበትና መሣሪያው በውጭ አገር ከወጣው መልኩ ጋር በዓለም ወደ 62 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። ከዚህ ቀጥሎ ነው የእኛ የካራቫን መሣሪያ የሚመጣው። በእስያ ያሉ ፋብሪካዎች የፋሚኮምን ውስጠኛ ክፍል ገልብጠው በርካሽ ያመርቱ ጀመር። ይህ ቅጂ በሩሲያ ዴንዲ፣ በፖላንድ ፔጋሰስ፣ በዚህ በእስራኤል ደግሞ ሜጋሶን በሚል ስም ታወቀ። ዋናውን ለመግዛት አቅም ያልነበረው ቤተሰብ ልጅ ማሪዮን ያወቀው በቅጂው ነው። በካሴቱ ላይ “በአንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጨዋታ” ተብሎ ይጻፋል፤ ሲቆጠር ግን ያው ጥቂት ጨዋታ እየተደጋገመ ነው። የእኔ ልጅና የሩሲያው ጎረቤቱ ያለ ቋንቋ የተግባቡትም በዚህ ምክንያት ነበር፤ ያኛው ጨዋታውን ዴንዲ ብሎ ከአገሩ አውቆት የመጣ ነው።

አሁን ስለ ስብሰባው ራሱ ጥቂት ልበል፤ ማለቴ ስለ ሸንጎ ሳይሆን ዕቃ ስለ መሰብሰብ ነው። አንዳንዱ ሰብሳቢ ለገንዘብ የሚያደርገው ነው። በሐምሌ 2021 ሳይከፈት የታሸገ አንድ የሱፐር ማሪዮ 64 ካሴት በአሜሪካ ጨረታ 1,560,000 ዶላር ተሸጧል። ያልተከፈተ ጨዋታ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ ለእኔ አይገባኝም። ሌላው ሰብሳቢ ግን ሊጫወት የሚሰበስብ ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለው። በ2023 በአሜሪካ የጨዋታ ታሪክን የሚጠብቅ ድርጅት ባደረገው ጥናት፣ በዚያ አገር ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች መካከል 87 በመቶ የሚሆኑት ዛሬ በሱቅ የማይገኙ ናቸው። ካሴቱ ከጠፋ ጨዋታውም ከሰው እጅ ይወጣል ማለት ነው።

በቤታችሁ ዕቃ ማከማቻ እንዲህ ያለ መሣሪያ ካለ ልጄ የነገረኝን ላስተላልፍ። አንደኛ፣ ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን የመጣ ከሆነ ትራንስፎርመሩን ሳታዩ በእኛ አገር ሶኬት ላይ አትሰኩት፤ የእነሱ መብራት ከ100 እስከ 120 ቮልት፣ የእኛ 230 ስለሆነ ወዲያው ይቃጠላል። የቴሌቪዥኑም ሥርዓት ይለያያል። ካሴት አልሠራ ሲል ሁላችንም በአፋችን እፍ እንል ነበር። ይህ ጉዳት ነው፤ የአፍ እርጥበት ብረቱን ያዝገዋል። ጥጥ በንጹሕ አልኮል አርሶ ብረቱን በቀስታ መጥረግና እስኪደርቅ መጠበቅ ይበቃል። ፕላስቲኩ ወደ ቢጫ ከተለወጠ አትደንግጡ፤ እሳት እንዳይዘው ተብሎ የተጨመረበት ኬሚካል ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው ነው። በሽጉጥ የሚጫወቱት ጨዋታዎች ደግሞ ሆዱ ትልቅ በሆነው በድሮው ቴሌቪዥን ላይ ብቻ ይሠራሉ። ሽጉጡ የሚያየው የዚያን ቴሌቪዥን ብርሃን አበራርና ፍጥነት ነውና፣ በዛሬው ቀጭን ቴሌቪዥን ላይ ቢተኩሱ አይመታም። ስለዚህ የድሮ ቴሌቪዥን ያላችሁም አትጣሉት፤ ፈላጊ አለው።

አንዳንድ ካሴት በውስጡ ትንሽ ክብ ባትሪ አለ። ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ የሚያስታውሰው በዚያ ነው። ባትሪው ሲሞት የድሮው ጨዋታ ምልክት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ልጄ በዚህ ያዝናል፤ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የደረሰበትን ቦታ ሌላ ልጅ ደርሶበት በሌላ ካሴት ውስጥ ሲጠፋ ያያል።

ባለፈው ክረምት የፈለገውን አገኘ። ያው ዓይነት ሜጋሶን፣ አንድ እጀታ የጎደለው፣ ከሦስት ካሴት ጋር። በአንደኛው ካሴት ጀርባ ላይ የማናውቀው ልጅ ስሙን በእስክሪብቶ በዕብራይስጥ ጽፎበታል። በአልኮል ሲያጸዳው ብረቱን ብቻ ጠርጎ ስሙን ተወው። በእኛ ቤት ከባለቤቴ ጋር ስንከራከርበት የኖርነው አሮጌ ቴሌቪዥን ስለነበረ ሰንበት እንደወጣ ሁላችንም ተሰብስበን ሰካነው። ማሪዮ ብቅ ሲል ልጄ ዝም ብሎ አየኝ፤ እኔም ወደ ሻዩ ዞር አልኩ። የስምንት ዓመቱ የልጅ ልጄ ጥቂት ተጫውቶ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅበት፣ “ሳባ፣ የደረስኩበትን የት ነው የማስቀምጠው?” ብሎ ጠየቀኝ። አባቱን አየሁት። “አይቀመጥም፤ ከመጀመሪያው ነው የሚጀመረው” አለው። ልጁም እየሳቀ ደገመው።